በጁገል ማደር፦ የሐረር አሮጌ ከተማና እንግዳው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

የዛሬው ንግግራችን መነሻ አንድ ወንድማችን ያቀረበልን ጥያቄ ነው። ይህ ወንድም ለሥራ ጉዳይ ወደ ሐረር ሊሄድ ተነሥቶ ሳለ፣ ሆቴል ከመያዝ ይልቅ በጁገል ግንብ ውስጥ ካሉት የጥንት ቤቶች በአንዱ፣ ከባለቤቶቹ ጋር፣ በገንዘብ ማደር እንደሚቻል ይሰማል። ሰምቶም ደነገጠ። «እኛ ጎጃም ውስጥ እንግዳ አሳድሮ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው። ያ ቤት የሙስሊም ቤት ሆኖ ሳለ እንዴት ለእንግዳው ዋጋ ይተምናል?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። የሸሪዓው መልስ አጭር ነው፤ የታሪኩ መልስ ግን ረጅም ነው። ከአጭሩ እንጀምር።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የእንግዳ መብት ሦስት ቀን መሆኑን፣ ከዚያ የሚያልፈው ሶደቃ መሆኑን፣ እንግዳውም አሳዳሪውን እስኪያስጨንቅ ድረስ መክረም እንደማይገባው ማስተማራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ የታወቀ ነው። ሚንበር ላይ ስንወጣ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ክፍል ለባለቤቱ እንሰብካለን። የመጨረሻውን ክፍል ለእንግዳው የሚነግረው ሰው ጥቂት ነው። ከፍሎ ማደርን በተመለከተ ደግሞ ሱረቱ አን-ኑር የሰው ቤት ሳያስፈቅዱና ሰላምታ ሳያቀርቡ መግባትን ከከለከለች በኋላ፣ ነዋሪ የሌለባቸውንና ሰው የሚገለገልባቸውን ቤቶች ለይታ ትፈቅዳለች። ከቀደምት ሙፈሲሮች መካከል እነዚህ ቤቶች የመንገደኛ ማረፊያዎች ናቸው ያሉ አሉ። ማረፊያ ቤት በእስልምና ታሪክ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኪራዩም ሐላል ነው። ነገር ግን የሐረሩ ቤት ማረፊያም ነው፣ ሰው የሚኖርበት ቤትም ነው። ስለዚህ እንግዳው ቢከፍልም እንኳ የማስፈቀድና የሰላምታ ግዴታው አልተነሣለትም። ገንዘቡ አልጋውን እንጂ የቤቱን ሐያእ አይገዛም።

ወንድማችንን ያስደነገጠው ግን ሸሪዓው አይመስለንም፤ የአገራችን ልማድ ነው። በኛ አካባቢ መሽቶበት የሚመጣ መንገደኛ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ!» ሲል መልሱ «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ» ነው። እኛ ሙስሊሞቹም «ቤት የአላህ ነው» እንላለን። ደብረ ኤልያስ ደግሞ የቅኔ ትምህርት አገር ነው፤ ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ የኛው ደብር ነው። ከሩቅ አገር የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ዓመት ዓመት የሚኖረው በየደጁ ከሚሰጠው ቁራሽ ነው። ወሎ ሄዶ የቀራ ደረሳም ይህን ኑሮ ያውቀዋል፤ ኪታቡ ሌላ ይሁን እንጂ ቁራሹ አንድ ነው። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው እንግዳና ዋጋ አብረው ሲጠሩ ጆሮው ቢቆም አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ አባቶቻችን ሁሉ በነጻ ብቻ ያድሩ ነበር ማለት አይደለም። ነጋዴዎቹን እናስታውስ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባሶ፣ ዛሬ የጁቤ በምንለው ቦታ፣ ከጎጃም ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ይቆም ነበር። እንግሊዛዊው ዶክተር ቻርልስ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1842 እዚያ ተቀምጦ ገበያውን በጽሑፍ አቆይቶልናል። ከጎንደርና ከደሪጣ የሚመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች አሞሌ ጨው ጭነው ዓባይን ይሻገራሉ፤ በጉድሩ በኩል እስከ እናርያ ይዘልቃሉ፤ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይዘው ይመለሳሉ። ባሪያም ይዘው ይመለሱ ነበር። ይህን ሳንናገር የንግዱን ብርታት ብቻ ብናወራ ታሪኩን መግደፍ ይሆንብናል።

እነዚህ ሰዎች የት ያድሩ ነበር? በእናርያ፣ በሳቃ ገበያ አጠገብ፣ ባዕዳን ነጋዴዎች ለብቻቸው የሚቀመጡበት ሰፈር ነበራቸው፤ ስሙም «መንደራ» ይባል ነበር፤ የኛው «መንደር» የሚለው ቃል መሆኑ ነው። በጎንደርም እንዲሁ። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማውን ከመሠረቱ ብዙም ሳይቆይ፣ ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ በ1668 በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲቀመጡ አዘዙ። ከቀሐ ወንዝ አጠገብ የነበረው «እስላም ቤት» የሚባለው ሰፈር፣ ኋላም አዲስ ዓለም የተባለው፣ ታሪኩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሙስሊሙ ለረጅም ዘመን በከተማው ጠርዝ የተቀመጠ እንግዳ ነበር ማለት ይቻላል። ግንብ ሠርቶ፣ በር አበጅቶ፣ ቁልፉን በእጁ ይዞ «ማን ይግባ?» ብሎ የመጠየቅ ዕድል አልነበረውም።

ሐረር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጠያቂው ሙስሊሙ ነው።

ሱልጣን አቡበክር ኢብን ሙሐመድ መንግሥታቸውን ከደከር ወደ ሐረር ያዛወሩት እ.ኤ.አ. በ1520 ነው። ብዙም ሳይቆይ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከዚያ ተነሡ፤ የተከተለው ጦርነት ምን እንዳመጣ በሁለቱም ወገን የሚታወቅ ነው። ኢማሙ በ1543 ከሞቱ በኋላ ከተማይቱ ደከመች። ግንቡን ለዛሬው መልኩ ያበቁት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደሆኑ የከተማው ሰው ሁሉ ይናገራል። አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ይህ ግንብ የድል ሐውልት ሆኖ አልተሠራም። ወንዶቿ በጦርነት ያለቁባት፣ ረሀብና ወረርሽኝ የሚያሰጋት ከተማ የተረፈውን ለማዳን የሠራችው ቅጥር ነው። አሚር ኑር ራሳቸው የሞቱት በወረርሽኝ ነው።

ግንቡ 48 ሄክታር ያህል ቦታ ይከብባል። ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ናቸው፤ ሐረሪዎቹ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቅታት በሪ፣ በድሮ በሪና አስማዲን በሪ ይሏቸዋል። በአማርኛ የምናውቃቸው ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሳንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር ብለን ነው። አምስቱን በሮች ከአምስቱ የእስልምና መሠረቶች ጋር የሚያመሳስሉ አሉ። ያማረ አባባል ነው፤ እኛ ግን በሮቹ የሚያመለክቱት አምስት የንግድ መንገዶችን ነው ብንል ይቀለናል። በአሚሮቹ ዘመን ሲመሽ በሮቹ ይዘጉ ነበር፤ ቁልፉም ወደ አሚሩ ቤት ይገባ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣ መንገደኛ «የመሸበት እንግዳ» ብሎ ቢጣራም እስኪነጋ ከግንቡ ውጭ ነበር።

ከእንግዶቹ መካከል በዓለም ላይ ስሙ የገነነው ሪቻርድ በርተን ነው። ይህ እንግሊዛዊ መኮንን የዐረብ ነጋዴ መስሎ ጉዞ ጀምሮ፣ ሐረር ሲደርስ ግን የእንግሊዝ መልእክተኛ ነኝ ብሎ ራሱን ገልጦ፣ በጥር መጀመሪያ 1855 እ.ኤ.አ. ገባ። በዘመኑ አሚር የነበሩት አሕመድ ኢብን አቡበክር ናቸው። አስር ቀን ያህል አሳደሩት፤ ከራሳቸው ቤቶች በአንዱ አስቀመጡት፤ ምግቡም ከአሚሩ ቤት ይመጣለት ነበር። መቼ እንደሚወጣ ግን አያውቅም ነበር። ተመልሶ ስለ ከተማይቱ የጻፈው ብዙው ነቀፋ ነው፤ በማግሥቱ በ1856 ታትሞ ዓለም ሁሉ አነበበው። የበላበትን ሰሐን ያጠበችው ሴት ማን እንደነበረች ግን የጻፈ የለም። በአሮጌ ከተሞች ታሪክ ውስጥ ዘወትር የምናየው ይህንን ነው፤ እንግዳው ይጽፋል፣ ባለቤቱ ይረሳል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም ነገር አለ። ዛሬ ጁገል ውስጥ ጎብኚዎች የሚጎርፉበት «የራምቦ ቤት» የሚባል ያማረ የእንጨት ፎቅ አለ። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ በ1880 እ.ኤ.አ. ለንግድ ሐረር መምጣቱ እውነት ነው። ቤቱን የሠራው ግን አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ሲሆን፣ የተሠራውም ራምቦ በ1891 ከሞተ በኋላ ነው። ባላደረበት ቤት ስሙ አደረ!

አንድ ክርስቲያን ወደ ከተማይቱ ከገባ ውድቀቷ ይመጣል የሚል ትንቢት እንደነበረ በርተን ጽፏል። የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1875 እ.ኤ.አ. በራዑፍ ፓሻ መሪነት በሮቹን አልፎ የገባው ጦር የሙስሊሟ የግብፅ ጦር ነበር፤ አሚር ሙሐመድንም የገደለው እርሱ ነው። ግብፆች በ1885 ሲወጡ አሚር ዐብዱላሂ ተሾሙ። በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ምኒልክ ድል አድርገው ከተማይቱን ያዙ። ከአዲስ አበባ በአሰበ ተፈሪና በሂርና በኩል በመኪና የሚሄድ ሰው ጨለንቆን ማለፉ ግድ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ፤ የጥያቄያችን ፍሬ ያለው እዚህ ነው።

የሐረሪ ቤት «ጌ ጋር» ይባላል፤ የከተማ ቤት ማለት ነው። ከመንገዱ ሲያዩት የድንጋይ አጥርና አንድ የእንጨት በር ብቻ ነው። በሩ ወደ ግቢ ያስገባል፤ በግቢው ዙሪያ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ወደ ዋናው ክፍል፣ ወደ «ግድር ጋር» ይገባል። ጫማ ከደጅ ይቀራል። ክፍሉ ውስጥ ወንበር የለም፤ በምትኩ ከፍታቸው የተለያየ፣ ምንጣፍ የለበሱ አምስት መደቦች አሉ፤ «ነደባ» ይባላሉ። ወለሉና የመደቦቹ ፊት በቀይ አፈር ተቀብቷል። ቀዩ ቀለም በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ማስታወሻ ነው የሚሉ አሉ።

አምስቱ ነደባዎች እያንዳንዳቸው ስምና ሥርዓት አላቸው። «አሚር ነደባ» የቤቱ አባት መቀመጫ ነው፤ ከዚያ ሆኖ በበሩ የሚገባውን ሁሉ ያያል፤ የተከበረ እንግዳም እዚያ ይቀመጣል። «ግድር ነደባ» ሰፊው ነው፤ ብዙው ሰው እዚያ ይቀመጣል። «ጢት ነደባ» ትንሹ ነው። «ሱትሪ ነደባ» ስሙ እንደሚነግረን የተሸሸገው ነው፤ ዐረብኛ የቀራ ሰው «ሲትር» የሚለውን ቃል ወዲያው ያገኘዋል። የመጨረሻው «ገብቲ ኤሄር ነደባ» ነው፤ ከበሩ ኋላ ማለት ነው፤ በዕድሜም በማዕረግም ዝቅ ያለው ሰው የሚቀመጥበት ነው። እኛን ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመን ይህ የመጨረሻው ነው። ቤቱ ሲሠራ፣ ገና መሠረቱ ሲጣል፣ ትንሽ ለሚባለው ሰው ጭምር መቀመጫ ታስቦለታል። ሳይታሰብ የመጣም ሰው የት እንደሚቀመጥ ድንጋዩ ያውቃል።

ግድግዳው ላይ በድንጋዩ ውስጥ የተፈለፈሉ መስኮት መሰል መደርደሪያዎች አሉ፤ ሙስሐፍ፣ ኪታብ፣ ሰሐንና ስኒ ይቀመጥባቸዋል። የቀረው ግድግዳ በሴቶቹ እጅ በተሰፋ የስንደዶ ሥራ የተሸፈነ ነው። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ፣ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። ልጁን ሊድር ያሰበ አባት ይህን ቢያውቅ አይጎዳውም፤ ለመንገደኛው ግን ዐይኑን ሰብሮ መቀመጥ ይሻለዋል። በጎን ያለችው ጠባብ ክፍል «ኪርታት» ትባላለች፤ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት በርሷ ነበር።

እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐረር በሄድን ጊዜ በእንዲህ ያለ ቤት ሦስት ሌሊት አድረናል። መኝታችን በላይኛው ፎቅ፣ «ቃላ» በሚባለው ላይ ነበር። ባለቤቲቱ እናታችን የሚሆኑ አሮጊት ናቸው። ሲመሽ በረንዳው ላይ ዱዓ አድርገው፣ ጠዋት ከቡና ገለባ ከወተት ጋር የሚፈላውን ሆጃ ከትኩስ ዳቦ ጋር አቀረቡልን። ከጎጃም መምጣታችንን ስንነግራቸው፣ «ጎጃምም ሙስሊም አለ እንዴ?» ብለው ጠየቁን። አለ እማዬ፣ አልነው፤ ጥቂት ነን፣ ግን አለን። ከዚያ በኋላ የምንቀመጥበት ቦታ ተለወጠ። እስከዚያ ሰፊው ነደባ ላይ ነበርን፤ ወደ አሚር ነደባ ጠሩን። የክፍሉ ዋጋ ግን አልተለወጠም፤ ስንሄድ የተባልነውን ከፈልን። ከፋይ መሆናችንና እንግዳ መሆናችን በዚያ ቤት ሲጣሉ አላየንም።

እግረ መንገዳችንን አንድ የፊቅህ ነገር እናንሣ፤ ጠያቂያችን እንደሚጠቅመው እናምናለን። ሐረሪዎች በመዝሀባቸው ሻፊዒዮች ናቸው። በሻፊዒይ መዝሀብ መንገደኛ የገባበትና የሚወጣበት ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን ለመቆየት ከነየተ ሶላቱን አያሳጥርም። በሐነፊ መዝሀብ ግን ገደቡ 15 ቀን ነው። በአንድ ክፍል ያደሩ ሁለት መንገደኞች አንዱ ዙህርን ሁለት ረከዓ፣ ሌላው አራት ሲሰግድ ቢታዩ አትደነቁ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ዩኔስኮ፣ ጁገልን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። 82 መስጂዶችና 102 የቀብር ዚያራ ቦታዎች እንዳሉ በመዝገቡ ሰፍሯል፤ ከመስጂዶቹ ሦስቱ የ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናቸው ተብሏል። በዚሁ ምክንያት ብዙዎች ሐረርን «አራተኛዋ የእስልምና ቅድስት ከተማ» ይሏታል። ለጎብኚ መጽሐፍ ጥሩ ርዕስ ነው። ለዒባዳ ተብሎ ጓዝ የሚታሰርላቸው መስጂዶች ግን ሦስት ብቻ መሆናቸውን ሐዲሱ ያስተማረን ስለሆነ፣ አራተኛ መጨመር የኛ ሥራ አይደለም። ሐረር በራሷ ታሪክ ብቻ ትበቃለች። መዝገቡ ራሱ ከመስጂዶቹ ይልቅ ያደነቀው የመኖሪያ ቤቶቹን ውስጣዊ አሠራር ነው፤ ይህ ፍርዳቸው ለእኛም ትክክል ሆኖ ታይቶናል።

ቤት ግን ሰው ካልኖረበት ቤት አይደለም። የአደጋው ምንጭም ይኸው ነው። በ1940 ዓ.ም. «ኩሉብ» በተባለው እንቅስቃሴ ምክንያት ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፤ ንብረታቸው ተያዘ፤ ብዙ ቤተሰብም ወደ አዲስ አበባና ወደ ድሬዳዋ ፈለሰ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ መጣ። ቀጥሎ የደርግ ዘመን ስደት ነው፤ ዛሬ በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ሰፊ የሐረሪ ማኅበረሰብ አለ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ በሐረሪ ክልል ከተቆጠሩት 183 ሺህ ያህል ሰዎች መካከል በብሔር ሐረሪ የሆኑት ከመቶ 9 እንኳ አልሞሉም። ጁገል ውስጥ በአንዱ መንገድ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሊኛ ትሰማላችሁ፤ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ድሮ በአፈር ይለበጥ የነበረው ጠፍጣፋ ጣራ በየቦታው በቆርቆሮ ተተክቷል። የድንጋዩን ግድግዳ በየጊዜው ማደስ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለ እጅም ይጠይቃል። ወራሹ ውጭ አገር፣ ቤቱን የምትጠብቀው አንዲት አሮጊት ሆና ስትቀር ጣራው ከየት ይታደሳል?

ወንድማችን ነውር ነው ያለው ገንዘብ መልሱን የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። አንዲት እናት ሁለት ክፍል ለመንገደኛ አከራይታ ራሷ በዋናው ክፍል ስትቀመጥ፣ ገንዘቡ የጣራው ጥገና ነው፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ ቤቱንም ላለመሸጥ ምክንያት ነው። ሌላው መንገድ ቤተሰቡ ወጥቶ ቤቱን ሙሉ በሙሉ ለጎብኚ መተው ነው። ይህ ሁለተኛው መንገድ የት እንደሚያደርስ ለማየት ባሕር ተሻግረን ወደ አውሮፓ እንመልከት፤ ባናድርበትም አንብበነዋል።

በስፔን ግራናዳ ከአልሐምራ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ባለው ኮረብታ ላይ አልባይሲን የሚባል ሰፈር አለ። ጠባብ መንገዶቹ፣ ወደ ውስጥ የዞሩት ግቢዎቹ፣ ከመንገድ የማይታየው የቤት ውስጥ ውበት፣ ሐረርን ያየ ሰው ቢያያቸው አይገረምም። ግራናዳ በ1492 እ.ኤ.አ. እጇን ስትሰጥ ሙስሊሞቹ ሃይማኖታቸውን ይዘው እንዲኖሩ ውል ነበረ። አስር ዓመት ሳይሞላ ውሉ ፈረሰ፤ በግድ ተጠመቁ። በ1568 ዐመፅ ተነሣ፤ ተሸነፈ። ከ1609 ጀምሮ የተረፉት ከመላው ስፔን ተባረሩ። ሰፈሩ በ1994 የዓለም ቅርስ ሆነ። ዛሬ ከዓለም ዙሪያ የሚመጣ ጎብኚ በነዚያ ቤቶች ያድራል፤ አልጋው ምቹ፣ መስኮቱ ወደ አልሐምራ ያያል። አዲስ መስጂድ በሰፈሩ የተከፈተው በ2003 ነው፤ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ግድግዳው ተርፏል፤ «ግቡ» የሚለው ባለቤት ግን የለም።

የሳራዬቮው ባሽቻርሺያ ሌላ ዓይነት ታሪክ አለው። የቦስኒያ ሙስሊሞች ጥንታዊ ገበያ ነው። በ1530 ገደማ የተሠራው የጋዚ ኹስረው በይ መስጂድ በመካከሉ ቆሟል። በወቅፍ የተሠራው የሞሪቻ ኻን እስካሁን አለ፤ በጥንት ጊዜ እስከ 300 መንገደኛና 70 ፈረስ ያሳድር ነበር ይባላል። ከ1992 እስከ 1996 ከተማው ተከቦ በመድፍ ሲደበደብ ሰፈሩም አብሮ ተመታ። ነገር ግን ሰዎቹ አልለቀቁም፤ ጦርነቱ ሲያበቃ የሚጠግነው እጅ እዚያው ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሐረር ከግራናዳ ይልቅ ለሳራዬቮ ትቀርባለች፤ ባለቤቶቿ ቢሳሱም አሉ። ሸሪፍ አብዱላሂ የተባሉት የከተማው ሰው የጥንት ኪታቦችን፣ ሳንቲሞችንና አልባሳትን እየለቀሙ በመኖሪያ ቤታቸው ሙዚየም ጀምረው ነበር፤ ኋላ «የራስ ተፈሪ ቤት» ወደሚባለው ሕንፃ ተዛውሯል። የተበጣጠሰ ኪታብ በጥንቱ ዘዴ ይጠረዝበታል። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከረመዳን በኋላ ስድስቱን የሸዋል ጾም አስከትሎ የሚከበረው የሹዋሊድ በዓል በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የኛው ባሶስ? የዓባይ ማዶ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ገበያ ግንብ አልነበረውም፤ የድንጋይ ቤትም አልነበረውም፤ ጎጆው ሲፈርስ ነጋዴው የት እንዳደረ የሚያሳይ ምልክት አብሮ ፈረሰ። ታሪኩን ዛሬ የምናነበው እንግዳ ሆኖ ከመጣው ከቤክ ጽሑፍ ነው። ሽማግሌዎች ያሏችሁ ቤተሰቦች የአያቶቻችሁን የንግድ መንገድ፣ ያደሩበትን ቤትና ያሳደሯቸውን ሰዎች ስም አሁኑኑ ብትጽፉልን፣ በዚህ ፕሮግራም ለማቅረብ ዝግጁ ነን።

ለጠያቂያችን የቀረን ምክር የመንገድ ምክር ነው። ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በሌሊት ተነሥ። ቤተሰቡ እዚያው የሚኖርበትን ቤት ምረጥ፤ ዋጋውን ከመግባትህ በፊት ተስማማ፤ ከዚያ በኋላ አትከራከር። በሩን አንኳኩተህ ሰላምታ ሳትሰጥ ግቢ አትግባ፤ የሴቶቹንም ፎቶ ግራፍ ሳታስፈቅድ አታንሣ። «የእርቅ መንገድ» የምትባለውን ጠባብ መተላለፊያ ጠይቀህ እያት፤ ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ሳይነካኩና ሳይነጋገሩ አያልፉባትም፤ ስሟንም ያገኘችው በዚህ ነው። ከመግሪብ በፊት ግን ቤት ለመግባት ሞክር፤ መንገዶቹ ለእንግዳ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ከዒሻ በኋላ በግንቡ ሥር ጅቦች ይመጣሉ። ግንቡ ለነርሱ ተብለው የተተዉ ቀዳዳዎች አሉት፤ ሌሊቱን የሰፈሩን ጥራጊ ሲለቅሙ አድረው ከፈጅር አዛን በፊት ይወጣሉ። የሐረር ሰው አይፈራቸውም። ብታገኛቸው መንገድ ልቀቅላቸው፤ እነርሱም በከተማው ዘንድ የቆዩ እንግዶች ናቸው።